ፊት የሚያለሰልሰው መርፌ፦ «ቦቶክስ» ከመወጋታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ይመስላችሁ ይሆናል። «ዱራና ዘይት በሚቆራረጥበት ጊዜ ስለ ፊት ሽብሽብ ይወራል እንዴ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ነገሩ ደጃችን ደርሷል። ስልክ ያላት ሁሉ ቲክቶክ ላይ ታየዋለች። ጅዳ፣ ዱባይ፣ ካይሮ ያሉ እህቶቻችን «እኔ ተወግቼ ነው እኮ እንዲህ ያማረብኝ» እያሉ ፎቶ ይልካሉ። ገዳሪፍ ውስጥ ደግሞ ከፀጉርና ከሂና ሥራ ጋር «መርፌም እንወጋለን» የሚሉ ኮዋፌሮች እንዳሉ ሄደው ያዩ ሴቶች ነግረውኛል። በዚያ ላይ ሰው ስደት ላይ ስላለ መልኩ አያሳስበውም ማለት አይደለም። ለሰርግ፣ ለቪዛ ፎቶ፣ ከአገር ውጭ ላለ እጮኛ ቪዲዮ ለመደወል ፊቷን መስተዋት ላይ የምታይ ሴት ምንም ነውር የለባትም። ወንዶችም ቢሆኑ ይጠይቁኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንጂ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ስለ መርፌው የሕክምና ሰዎች የሚስማሙበትንና በይፋ የታወቀውን ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ይህ መርፌ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ሰው እጅ ብዙ ሰዎች በሰላም የሚወጉት መድኃኒት ነው። አሁን እኛ ባለንበት ሁኔታ ግን፣ ማለትም በዚህ ሙቀት፣ በዚህ የመብራት መቆራረጥ፣ በዚህ ጦርነት መሐል፣ ትክክለኛ መሆኑን የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ።

ስሙና መነሻው

«ቦቶክስ» የአንድ ኩባንያ ምርት ስም ነው። ማንኛውንም የልብስ ዱቄት ሳሙና «ኦሞ» እንደምንለው ሁሉ፣ ሌሎቹንም በዚህ ስም መጥራት ተለምዷል። ዲስፖርት፣ ዚኦሚን የሚባሉም አሉ። ውስጣቸው ያለው ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል። «ቶክሲን» ማለት መርዝ ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የሚያመርተው ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁ መርዞች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ውስጥ ነው።

መርዝ እንዴት መድኃኒት ሆነ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1820ዎቹ መጀመሪያ ዩስቲኑስ ኬርነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በአግባቡ ያልተዘጋጀ ቋሊማ በልተው ሰውነታቸው ስለሚዝልና ስለሚሞቱ ሰዎች አጥንቶ ጻፈ። በ1895 ቤልጅግ ውስጥ ኤልዜል በምትባል መንደር ለቀብር የተጠሩ ሙዚቀኞች የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፣ ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለ ሳይንቲስት ከዚያ ሥጋ ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ አሜሪካዊው የዐይን ሐኪም አላን ስኮት «ይህ መርዝ ጡንቻን የሚያዝል ከሆነ፣ በጣም በጥቂቱ ብንወጋው የሸወረረ ዐይን የሚስበውን ጡንቻ ሊያላላልን ይችላል» ብሎ ሞከረው፣ ሠራም። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ለዐይን መሸውረርና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን ዐይን ፈቀደው።

የውበቱ ነገር የመጣው እንደ ዋዛ ነው። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ካራዘርስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ነበሩ። ሚስትየዋ የዐይን፣ ባልየው የቆዳ ሐኪም ናቸው። ለዐይኗ የተወጋች አንዲት ታካሚ ግንባሯ ላይ ያለው መስመር እንደጠፋ አስተዋሉ። በ1992 ጥናታቸውን አሳተሙ፣ በ2002 ደግሞ በቅንድብ መሐል ላለው ሽብሽብ በአሜሪካ በይፋ ተፈቀደ። እስካሁንም መርፌው ለውበት ብቻ አይደለም። ሰውነታቸው ለሚገታተር ሕፃናት፣ ሥር ለሰደደ ራስ ምታት፣ ከመጠን በላይ ለሚያልብ ሰው ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

ፊት ላይ ምን ያደርጋል

ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው ነርቭ ሲያዘው ነው። ነርቩ ጫፉ ላይ አንድ ኬሚካል ይረጫል፣ ጡንቻው ያንን ሲያገኝ ይኮማተራል። መርፌው ይህን ኬሚካል እንዳይወጣ ያግደዋል። ጡንቻው አልሞተም፣ ትእዛዝ ነው የቀረበት። ግንባራችንን ስንቋጥር የሚጎትተው ጡንቻ ካረፈ በላዩ ያለው ቆዳ ይዘረጋል። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲሆን ሙሉ ለሙሉ የሚታየው በ2 ሳምንት ገደማ ነው። ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ነርቩ መልሶ ሥራውን ይጀምራል፣ ሽብሽቡም ይመለሳል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ተወግተሽ ትገላገያለሽ» የሚል ሰው ዋሽቷል። ያንን መልክ ለማቆየት በዓመት 3 ጊዜ ያህል መክፈል ነው። ስልክ ሸጣችሁ ወይም ከሐዋላ ላይ ቆጥባችሁ የምትወጉ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስሉት።

ሌላው፣ መርፌው የሚሠራው ፊት ሲንቀሳቀስ ለሚመጣ መስመር ነው፤ በቅንድብ መሐል፣ ግንባር ላይ፣ ስንስቅ በዐይናችን ጥግ ለሚወጣው። እዚህ ብዙ እናቶች «ፊቴ ተበላሸ» ሲሉኝ የሚያሳዩኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ክሳት ነው። ሰው ሲከሳ ከጉንጩ ስብ ይጠፋል፣ ቆዳው ይንጠለጠላል፤ ይህን ቦቶክስ አይመልሰውም። ሁለተኛው ማድያት ነው። ማድያት የቆዳ ቀለም ለውጥ ነው፤ በእርግዝና፣ በአንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያና በፀሐይ ይመጣል፣ መርፌው ጨርሶ አይነካውም። (ለማድያት ብላችሁ ከሱቅ የምትገዙት ቅባትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ክሎቤታሶል የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል፤ ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ለዚህ ሌላ ጊዜ ራሱን ችሎ እመለስበታለሁ።)

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ፀሐይን ይቋቋማል፣ ሽብሽብም ዘግይቶ ነው የሚመጣበት። ነገር ግን ውኃ ወረፋ ላይ ቀኑን ሙሉ ዐይንን አጨንቁሮ መቆም፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ መዋል፣ በጭስ ማብሰል ፊት ላይ ይጽፋል። ሰፊ ነጠላ ወይም ጥላ እዚህ ላይ ከመርፌ ይበልጣል። አንዳንዷ ደግሞ ግንባሯን የምትቋጥረው ዐይኗ በደንብ ስለማያይ ነው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ለማንበብ ግንባሩን የሚቋጥር ልጅ ሳይ መነጽር እንደሚያስፈልገው እጠረጥራለሁ፤ ትልቅ ሰውም ያው ነው። እንዲህ ለሆነች ሴት የሚያስፈልጋት የዐይን ምርመራ ነው።

አንድ ነገር ሳልለይ እንዳላልፍ። ኮዋፌር ቤት «የውበት መርፌ» ተብሎ የሚጠራው ሁሉ ቦቶክስ አይደለም። «ፊለር» የሚባለው ከቆዳ ሥር ገብቶ የጎደለውን የሚሞላ ነገር ነው፤ ከንፈርና ጉንጭ የሚያወፍሩት በእሱ ነው። ፊለር በስሕተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊያሞት፣ ዐይንም ሊያሳውር ይችላል። «የማቅያ መርፌ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። የምትወጉት ነገር የትኛው እንደሆነ በስሙ ካልተነገራችሁ፣ ክንዳችሁንም ፊታችሁንም አትስጡ።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው

የተማሪዎቼ እናቶች እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሲገጥማቸው ወደ እኔ ያመጣሉ። የሆስፒታል ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የቀጠሮ ካርድ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ «የቆዳ ቫይታሚን ነው ብለው ሸጡልኝ፣ የሚወጋኝ ሰው እስካገኝ ነው» አለችኝ። ከማን እንደገዛችው አልጽፍም። ብልቃጡ ላይ ግን «ቦቱሊነም ቶክሲን ዓይነት ኤ፣ 100 ዩኒት» ይላል። ቫይታሚን የሚል ቃል የለበትም። ከሥሩ ደግሞ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ» የሚል ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ ስጠይቃት «ከባለፈው ገበያ ጀምሮ» አለች። ወሩ ሚያዝያ ነበር።

በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማለት የፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ለልጆቻችን ክትባት የሚሰጡት ሠራተኞች በረዶ የተሞላ ሳጥን ተሸክመው ሲመጡ ሁላችሁም አይታችኋል። ሳጥኑን ለምን ይሸከማሉ? ክትባቱ ከፋብሪካ እስከ ልጁ ክንድ ድረስ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ ነው። ይህም መርፌ እንደዚያው ነው። ዱቄቱ በጨው ውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ፣ የቦቶክስ መመሪያ እንደሚለው ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ዚኦሚን የሚባለው ከፍሪጅ ውጭ መቆየት ይችላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን እሱም እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ነው። ገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት 40 ዲግሪ እንደሚደርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሙቀት የነካው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አቅሙን ያጣል፤ ገንዘባችሁን በላ ማለት ነው። የከፋው እሱ አይደለም። የከፋው፣ ብልቃጡ ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንዳለ በዐይን አለመታወቁ ነው። ሐኪም ለቅንድብ መሐል የሚወጋው በተለመደው መጠን 20 የቦቶክስ ዩኒት ነው፣ እሱንም አምስት ቦታ ከፋፍሎ። የአንዱ ምርት ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም፤ የዲስፖርትን ቁጥር በቦቶክስ ልክ የሚቆጥር ሰው ተሳስቷል። አስመስሎ የተሠራው ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ ምንም ላይኖር ይችላል፣ ከሚገባው በላይ እጥፍም ሊኖር ይችላል። ይህን በመቅመስም በማሽተትም አታውቁትም።

ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ በሱዳን የተነሳው ጦርነት ነገሩን አብሶታል። የአገሪቱ የመድኃኒት ፋብሪካዎችና ዋና መጋዘኖች በአብዛኛው ካርቱም ነበሩ፤ ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። በሱዳን መድኃኒት የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የብሔራዊ መድኃኒትና መርዝ ቦርድ ነው፣ ግን በዚህ ጊዜ በየመንገዱ የሚገባውን ሁሉ ማን ይፈትሻል? ለስኳርና ለደም ግፊት የሚሆነው ራሱ ስንት ሰይደሊያ ዞረን ነው የምናገኘው። በዚህ መሐል የውበት መርፌ በቀላሉ ሲገኝ «በየት በኩል መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ስታነቡም ተጠንቀቁ። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ አይደለም። ዐረብኛ ከሆነ ደግሞ አጻጻፉ ያሳስታል፤ በዐረብኛ ቁጥር 5 የእኛን ዜሮ ይመስላል፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት። ተማሪዎቼ ገበያ ላይ የሚሳሳቱባት ይህችው ናት።

ሀብታም አገርም ደርሷል

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2023 ቱርክ ውስጥ ሆዳቸውን ለመቀነስ በሚል ይህንኑ መርዝ ጨጓራቸው ላይ የተወጉ ከ80 በላይ ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባለው መመረዝ ታመሙ፤ ከመካከላቸው ከጀርመን ለሕክምና የሄዱ ነበሩ። በ2024 ጸደይ አሜሪካ ውስጥ በ11 ግዛቶች 22 ሴቶች አስመስሎ በተሠራ ወይም በአግባቡ ባልተያዘ መርፌ ተጎዱ። 11ዱ ሆስፒታል ተኝተዋል። ብዙዎቹ የተወጉት ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም በመኖሪያ ቤትና በውበት ሳሎን ነው። በ2025 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ብቻ 38 ሰዎች ከውበት መርፌ በኋላ ታመሙ። እነዚህ አገሮች ተቆጣጣሪ አላቸው፣ አምቡላንስ አላቸው፣ መተንፈሻ ማሽን አላቸው፣ የመርዙን ማርከሻም በየመጋዘናቸው ያስቀምጣሉ። ማርከሻው በካምፕ ጤና ጣቢያ የሚቀመጥ መድኃኒት አይደለም። ቢገኝም እንኳ በደም ውስጥ የሚዞረውን ያቆማል እንጂ የዛለውን ጡንቻ ወዲያው አያስነሳም፤ ታካሚው ለሳምንታት በማሽን ሊተነፍስ ይችላል።

የመርፌው ዘንግ ራሱስ? እዚህ ላይ ቃል አላበዛም። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ታካሚ ተብሎ የተሠራ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ወጪ ለመቀነስ ለሦስት ለአራት ሴት ያካፍሉታል፣ አንዳንዴም በዚያው ሲሪንጅ። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት መቆየት ይችላል።

ጨርሶ መወጋት የሌለባቸው

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትወጋ፤ ለሕፃኑ ደኅና ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ የለም። የጡንቻ መዛል በሽታ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው፣ ትንሽ መጠን እንኳ ሊጥለው ይችላል። በሚወጋበት ቦታ ቁስል ወይም ብጉንጅ ያለበት እስኪድን ይጠብቅ። ዲስፖርት ውስጥ የላም ወተት ፕሮቲን ስላለ ለወተት አለርጂ ያለበት ሰው መናገር አለበት።

አንድ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ጀንታማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። እሱና መሰሎቹ የቦቱሊነምን የማዛል ኃይል ያበረቱታል። ሰሞኑን መርፌ ጀምራችሁ ከሆነ፣ ወይም ተወግታችሁ ሳለ ሌላ ሕመም ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ፣ ለሐኪሙ «ፊቴን ተወግቻለሁ» በሉት።

ከተወጋችሁ በኋላ ምን ይጠበቃል

ትክክለኛ ሐኪም ወግቷችሁም እንኳ የተወጋው ቦታ ትንሽ ሊያብጥ፣ ሊጠቁር፣ ራስ ሊያም ይችላል፤ ይህ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ሐኪሞች በዕለቱ ፊትን አትሹ፣ ለጥቂት ሰዓታት አትተኙ፣ ከባድ ሥራም አትሥሩ ይላሉ። የወይባ ጢስ ወይም የሱዳኖቹን ዱካን ለምታዘወትሩም ያን ቀን ይቅርባችሁ። መድኃኒቱ ወደማይፈለግ ጡንቻ ከሄደ አንዱ የዐይን ቆብ ሊወርድ ይችላል፤ ያስደነግጣል፣ ግን እሱ ብቻ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

አደገኛው ሌላ ነው። መርዙ ከተወጋበት ቦታ ወደ ሌላው ሰውነት ሲሰራጭ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ሁለቱም የዐይን ቆቦች ይወርዳሉ፣ አፍ ይደርቃል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ አንገት ራስን መሸከም ያቅተዋል፣ በመጨረሻም ትንፋሽ ያጥራል። ይህ በሰዓታት ውስጥም፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ አእምሮም ንቁ ነው። ከነዚህ አንዱ ከታየ አይታደርም። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሳችሁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ነው። ሕመምተኛዋን አጋድሟችሁ ውኃ አታጠጧት፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ብልቃጡንና ካርቶኑን ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶም ቢሆን።

እዚህ ላይ የምፈራው ነገር አለ። በእኛ ባህል ፊት ሲጣመምና ዐይን ሲወርድ «ምች መታት» ወይም «መጋኛ ነው» እንላለን። ዳማ ከሴ ይጨመቃል፣ ጭሳጭስ ይታጠናል፣ ቀኑ ያልፋል። ጠበልም ዱዓም የሚከለክል የለም፤ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሁን፣ ምክንያቱም ትንፋሽ የሚያዝ ጡንቻ ሲዝል ጊዜ አይሰጥም። በዚያ ላይ ተወጊዋ ታፍራለች። ከባሏ ደብቃ፣ ከእናቷ ደብቃ የተወጋች ሴት ለሐኪሙም ትደብቃለች። ሐኪሙ ደግሞ ካልተነገረው ስትሮክ ነው ወይስ ወባ እያለ ሲፈልግ ይውላል። ባሎችና ወንድሞች ይህን ካነበባችሁ፦ ያን ሰዓት ተቆጥታችሁ የምታስፈሯት ከሆነ አፏን ዘግታ ትሞትባችኋለች። ቁጣችሁን ለኋላ አቆዩት። ጤና ሠራተኛ ደግሞ የነገራችሁትን ለሌላ ሰው ማውራት በሙያው የተከለከለ ነው።

መርፌ ላልነካው ሰውም

ይህ መርዝ በመርፌ ብቻ አይመጣም፤ በምግብም ይመጣል፣ ምልክቱም አንድ ነው። በ1991 ካይሮ ውስጥ ፈሲኽ የሚባለውን በጨው የሚብላላ ዓሣ በልተው 91 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ 18ቱ ሞቱ። ሱዳን ውስጥም ፈሲኽ የሚወደድ ምግብ ነው፤ ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ያበጠ የፉል፣ የሰርዲን ወይም የቲማቲም ቆርቆሮ ስታገኙ «ይታጠባል፣ ይቀቀላል» ብላችሁ አታስቀሩት፣ ለመቅመስም አትሞክሩ፤ ጣሉት፣ ልጆች እንዳያነሱትም ቅበሩት። እንዲጣል የምለው ምግብ ተርፎን አይደለም። ያላበጠውንም ቢሆን ከመብላታችሁ በፊት በደንብ አፍሉት፤ መርዙ ለደቂቃዎች ሲፈላ ይጠፋል።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር አይሰጥም። እናቶቻችን አዲስ ለተወለደ ማር ማላስ ይወዳሉ። ማር ውስጥ የዚህ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ትልቅ ሰው ሆዱ ይቋቋመዋል፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና ነው። ዓመት ከሞላው በኋላ ችግር የለም።

ከዚህ ለምትወጡ

አንዳንዶቻችሁ ነገ አዲስ አበባ ትመለሳላችሁ፣ ሌላው ካይሮ ወይም ሦስተኛ አገር ይደርሳል። እዚያ መወጋት የምትፈልጉ ከሆነ መብታችሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ሐኪም ያለባቸው ክሊኒኮች አሉ፤ አለርት ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፣ ቢያንስ «የእኔ ፊት ችግሩ ምንድን ነው?» ብሎ ለመመርመር። በኢትዮጵያ መድኃኒት የሚመዘግበው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ያጠራጠራችሁን ምርት በነፃ መስመሩ 8482 መጠየቅ ይቻላል።

ክሊኒክ ስትገቡ የሙያ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መኖሩን እዩ፣ የወጊው ስም ከፈቃዱ ጋር አንድ መሆኑንም። ብልቃጡ ከፍሪጅ ሲወጣ እናንተ ፊት ይሁን፤ የምርቱን ስም፣ የባች ቁጥሩንና ማብቂያ ቀኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስንት ዩኒት እንደሚወጋችሁ ጠይቁና ጻፉት። ሲሪንጁ ከታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ሲከፈት ተመልከቱ። የምትወስዱትን መድኃኒት፣ እርግዝናም ካለ፣ እሱ ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት። ክፉ ነገር ቢመጣ በየትኛው ስልክ እንደምታገኙትና ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚልካችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ይንገራችሁ። በጥያቄ ብዛት የሚቆጣ ከሆነ ገና አልከፈላችሁምና ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ።